ለአነስተኛ የወፍ ተመልካቾች የቴሌግራም ቡድን ደንብና የይዘት መመዘኛ ማውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በትርፍ ጊዜያቸው ወፍ መመልከትና ፎቶ ማንሳት የሚወዱ ሰዎችን በቴሌግራም ያሰባሰቡ ወይም ለማሰባሰብ ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች በተመዘገቡባት ኢትዮጵያ ለሚንቀሳቀስ ቡድን የሚስማማው ደንብ ስለ ድመት ወይም ስለ አሮጌ ቴምብር ለሚያወራ ቡድን ከሚስማማው በብዙ ነገር ይለያል። በዚህ ቡድን ውስጥ ደንብ ሲጣስ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ከአባላቱ አንዱ ሳይሆን ቅሬታ ማቅረብ የማይችለው ወፍ ነው።

ሠላሳ ወይም ሃምሳ ሰው ላለበት ቡድን የተጻፈ ደንብ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። ሰዎች ይህን ጥያቄ የሚያነሱት «እኛ እንተዋወቃለን» በሚል ነው፤ ይሁን እንጂ ደንቡን አስፈላጊ የሚያደርገው ይኸው መተዋወቅ ነው። በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ጥፋትን መናገር ቀላል ሲሆን፣ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ግን ይሉኝታ ይይዛል፤ አስተዳዳሪው ዛሬ ለወዳጁ ሲል ያለፈውን ነገር ነገ ለማያውቀው ሰው ሲከለክል አድልዎ ሆኖ ይታያል። አስቀድሞ ተጽፎ በቡድኑ አናት ላይ ፒን የተደረገ ደንብ አስተዳዳሪውን ከዚህ ጭንቀት ያሳርፈዋል፤ የሚከለክለው እርሱ ሳይሆን ሁሉም ሲገባ ያነበበው ጽሑፍ ነውና።

ደንቡን ማን ይጻፈው? ምን ያህልስ ይርዘም?

ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ረቂቁን ጽፈው ለአባላት ቢያቀርቡትና የአንድ ሳምንት የአስተያየት ጊዜ ቢሰጡ ይበቃል። ከሌላ ትልቅ ቡድን ሃያና ሠላሳ አንቀጽ ገልብጦ መለጠፍ ግን አይመከርም፤ የሚያነበው የለም፣ አብዛኛው አንቀጽም በዚህ ቡድን ደርሶ ለማያውቅ ችግር የተጻፈ ነው። የሚሻለው መንገድ በቡድኑ ውስጥ በእርግጥ ያጋጠሙትን ነገሮች ቆጥሮ ለእነርሱ ብቻ ደንብ ማውጣት ነው። በስልክ ስክሪን ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ላይ ተስቦ የሚያልቅ ጽሑፍ ተስማሚ ልክ ነው።

አጻጻፉም የሚለካ ነገር መያዝ ይኖርበታል። «ወፎችን እናክብር» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንም የማይቃወመው፣ ነገር ግን ማንንም የማያስገድድ ነው። በአንጻሩ «የጎጆ፣ የእንቁላል ወይም የጫጩት ፎቶ የሚለጠፈው ጫጩቶቹ በረው ጎጆውን ከለቀቁ በኋላ ብቻ ነው፤ ቦታውም ከወረዳ ስም አልፎ አይገለጽም» የሚለው ተጥሷል ወይስ አልተጣሰም ብሎ ለመወሰን ክርክር አይጠይቅም።

የጎጆ ቦታ ለምን አይለጠፍም? አባላቱ ወፍ ወዳዶች አይደሉም?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያከራክር ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ መመለስ ይገባል።

በመጀመሪያ፣ ጉዳት ለማድረስ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልግም። ከበርጋና ከሱሉልታ ረግረጎች ጋር ስሟ የሚነሳውን ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል የተባለችውን ትንሽ የረግረግ ወፍ ለአብነት መውሰድ ይቻላል። በዓለም ደረጃ እጅግ ለከፋ የመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ዝርያዎች አንዷ ስትሆን፣ የቀሩት አዋቂ ወፎች ቁጥር ከ250 በታች እንደሚሆን ይገመታል። ወደ ኢትዮጵያ ረግረጎች የምትመጣው በክረምት ሲሆን፣ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ በሣር መካከል ነው። አንድ ሰው «ዛሬ ጠዋት አየኋት» ብሎ ሎኬሽን ቢልክ፣ በማግስቱ አምስት ሰዎች ካሜራቸውን ይዘው በዚያው ሣር መካከል ይመላለሳሉ፤ ከአምስቱ አንዳቸውም እንቁላል መርገጥ አይፈልጉም፣ ነገር ግን ሣሩ ተኝቶ መንገድ ይወጣለታል፣ በዚያ መንገድም ውሻና ሌላ አዳኝ ይገባል። ከነገሌ ቦረና አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ ስለምትኖረውና እንዲሁ መሬት ላይ እንቁላል ስለምትጥለው ሊበን ላርክ ስለተባለችው ወፍም ተመሳሳይ ነገር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ቡድኑ ዝግ ነው ተብሎ የሚታመነው ያህል ዝግ አለመሆኑ ነው። መልእክት ፎርዋርድ ይደረጋል፤ ስክሪንሾት ይነሣል፤ የግብዣ ሊንክ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ቡድኑ ውስጥ የተጻፈ ነገር ሁሉ ከቡድኑ ውጭ ሊነበብ እንደሚችል ታስቦ ደንቡ መጻፍ አለበት።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ምክንያት የአካባቢው ሰው እንጀራ ነው። በባሌ ዲንሾ አካባቢ ጉጉት ቀን ላይ የምታርፍበትን ዛፍ የሚያውቅ አስጎብኚ፣ ወይም ያቤሎ ላይ በዓለም ሌላ ቦታ የማትገኘው የኢትዮጵያ ቡሽ ክሮው የምትውልበትን ግራር የሚያሳይ ወጣት፣ ዕውቀቱን ያገኘው በዓመታት ምልልስ ነው። እርሱ አሳይቶት የተመለሰ ጎብኚ ቦታውን በነጥብ ቢለጥፍ የሌላውን ሰው መተዳደሪያ በነጻ እንደማደል ይቆጠራል።

በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ የምልከታ መዝገቦችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ኢበርድ በአደጋ ላይ ያሉ የተወሰኑ ዝርያዎችን ዝርዝር ቦታ ከሕዝብ ዕይታ ይሰውራል፤ አይናቹራሊስት ደግሞ ለእንዲህ ያሉ ዝርያዎች ትክክለኛውን ነጥብ ደብቆ ጎኑ 0.2 ዲግሪ በሆነ ሳጥን ውስጥ የሚወድቅ ሌላ ነጥብ ያሳያል። ይህ በእኛ አካባቢ ወደ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የቡድኑ ደንብ «ወረዳ ብቻ» ሲል ከዚህ አሠራር ጋር ይቀራረባል። ገፈርሳ ላይ ዳክዬ አየሁ፣ ዝዋይ ዳርቻ ፔሊካን አየሁ ማለት ግን ማንንም አይጎዳም፤ ደንቡ ሁሉንም ቦታ ምሥጢር ካደረገ ቡድኑ የሚያወራው ያጣል። ስለዚህ ክልከላው በጎጆ ላይ ላሉ ወፎች በሙሉና አስተዳዳሪዎቹ በስም ለዘረዘሯቸው ጥቂት ዝርያዎች ብቻ ቢሆን ይመረጣል።

ቦታውን ሳልጽፍ ፎቶውን ብቻ ብልክስ?

እንደ አላላኩ ይወሰናል። ቴሌግራም ላይ ምስልን እንደ ተራ ፎቶ ሲልኩት መተግበሪያው ጨምቆ ስለሚልከው በምስሉ ውስጥ የተቀበረው የቦታ መረጃ አብሮ አይሄድም። ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለው እንደ ፋይል ሲልኩት ግን ዋናው ምስል ከነሙሉ መረጃው ይደርሳል፤ የስልኩ ጂፒኤስ በርቶ ከነበረ ፎቶው የተነሣበት ነጥብ ማንም ሊከፍተው በሚችል መልኩ ውስጡ አለ። ፎቶ አንሺዎች ደግሞ ፋይል መላክ ይወዳሉ። በመሆኑም «በክልከላ ዝርዝሩ ላይ ያለ ወፍ ፎቶ በፋይል አይላክም» የሚል አንድ መስመር በደንቡ ውስጥ መግባት አለበት። ከወፉ ጀርባ የሚታይ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ድልድይ ወይም የማስታወቂያ ሰሌዳም ቦታውን ከሎኬሽን ባልተናነሰ እንደሚናገር አባላት ልብ ሊሉት ይገባል። ወታደራዊ ካምፕ ወይም ሌላ ጥበቃ የሚደረግለት ተቋም የሚታይበት ፎቶ ደግሞ ከወፍ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት፣ ለራሱ ለአንሺው ሲባል፣ ባይለጠፍ ይሻላል።

ፎቶው እንዴት እንደተነሣ መጠየቅ ተገቢ ነው?

ተገቢ ነው፤ እንዲያውም የይዘት መመዘኛው እምብርት ይህ መሆን አለበት። የተቀዳ የወፍ ድምፅ ደጋግሞ አጫውቶ ወፉን ከተሸሸገበት ማውጣት በብዙዎች ዘንድ እንደ ብልሃት ይቆጠራል። ወፉ ግን ተፎካካሪ ወደ ክልሉ የገባበት መስሎት ነው የሚመጣው፤ ጫጩቶቹን መመገቢያ ጊዜውን ከሌለ ባላንጣ ጋር ሲታገል ያባክናል። በመራቢያ ወቅት ፈጽሞ መከልከል፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ለአጭር ጊዜ ብቻ መፍቀድ ሚዛናዊ ደንብ ነው።

ቅርንጫፍ ቆርጦ ጎጆን «ማጽዳት»፣ ጫጩት በእጅ ይዞ ፎቶ መነሣት፣ በመንጋ ያረፉ ወፎችን ሆን ብሎ ማስበረርና ድሮን ማስጠጋት ያለ ብዙ ክርክር መከልከል ይኖርባቸዋል። በቄራ አካባቢ የሚሰበሰቡ ጥንብ አንሳዎችን ማንሳት ግን ምንም ነውር የለውም፤ ማንም አባብሎ አላመጣቸውም። በወጥመድ የተያዘ ወይም በሳጥን ውስጥ ለሽያጭ የቀረበ የዱር ወፍ ፎቶ በቡድኑ መለጠፍ የለበትም፤ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድ በሕግ የሚያስጠይቅ ሲሆን፣ የዋህ በሆነ ጥያቄ መልክ የሚመጣው «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል አስተያየት ቡድኑን የገበያ መገናኛ ያደርገዋል።

የምልከታ መረጃ ቢያንስ ምን መያዝ አለበት?

የወፉን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ወረዳውን እና ምን ያህል እንደነበሩ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለእኛ ሁለት ነገሮች ሁልጊዜ ያደናግራሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር፣ ሁለተኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው። አንድ አባል «ጥቅምት 3 ቀን 2017፣ 1፡30 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ አዲስ አበባ ያለው አንባቢ ጠዋት መሆኑን ያውቃል። ይህንኑ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ አባል ወደ ኢበርድ ሲያስገባው ግን ቀኑን ወደ ጥቅምት 13 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ቢቀይረውም ሰዓቱን ሳይቀይር ሊተወው ይችላል፤ ያን ጊዜ በፀሐይ ብርሃን የታየችው ንብ በል ወፍ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስትበር ትመዘገባለች። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ስደተኛ ወፎች የገቡበትን ሳምንት ለማወቅ ለሚሞክር ሰው የወር ስሕተት ደግሞ ከሰዓት ስሕተት የባሰ ነው። ደንቡ አንዱን አቆጣጠር ያስገድድ አልልም፤ የትኛው እንደሆነ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.»፣ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ተብሎ እንዲጻፍ ብቻ ያስገድድ።

ስሙን በተመለከተ፣ አባሉ በሚያውቀው ቋንቋ መጻፍ ይችላል፤ አንድ ወፍ በጎጃም፣ በወሎና በባሌ የተለያየ ስም ሊኖረው ስለሚችል ግን ከጎኑ ሳይንሳዊ ስሙ ቢጨመር ለሁሉም ይጠቅማል። የማያውቅ አባል ፎቶውን ብቻ ልኮ «ምንድን ነው?» ቢል አያሳፍርም። ደንቡም ይህን በግልጽ ቢናገር ጥሩ ነው።

በወፉ ማንነት ላይ ክርክር ሲነሣ አስተዳዳሪው ጣልቃ ይግባ?

ስለ ወፉ እስከሆነ ድረስ አይግባ። «ይህ ንስር አይደለም፣ ጭልፊት ነው፤ ጅራቱን ተመልከት» ማለት ቡድኑ የተቋቋመበት ዓላማ ነው። «አንተ ደግሞ መቼ ንስር አይተህ ታውቃለህ» የሚለው ግን ከወፉ ወደ ሰውየው የተሻገረ ነው፤ መስመሩ እዚያ ላይ ነው። የሚጠቅም ደንብ፣ ተቃውሞ የሚያቀርብ ሰው ቢያንስ አንድ የሚታይ ምልክት (ምንቃር፣ የክንፍ ቀለም፣ የእግር ርዝመት፣ ድምፅ) እንዲጠቅስ ማድረግ ነው። ምልክት የሚጠቅስ ሰው ለስድብ ጊዜ አይተርፈውም። ሳይፈታ የቀረ ክርክር «አልተለየም» ተብሎ ቢዘጋ ማንም አይከስርም።

የበዓል መልካም ምኞት፣ የሐዘን መልእክትና የዕርዳታ ጥሪ ይፈቀድ?

ይህን ጥያቄ በጭካኔ የመለሱ ቡድኖች ብዙም አልተሳካላቸውም። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካና ለዒድ በአንድ ጠዋት የሚጎርፉት አበባማ ካርዶች የሳምንቱን ምልከታ ቀብረው እንደሚያልፉ የታወቀ ነው፤ ይሁንና «መልካም በዓል» ያለን ሰው መልእክት መሰረዝ ጨዋነት የጎደለው ሆኖ ይታያል። መፍትሔው ቦታ መለየት ነው። ቴሌግራም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድን ቡድን በርዕስ ለመከፋፈል ስለሚያስችል «ጨዋታና ሰላምታ» የሚል ርዕስ ከፍቶ ካርዱን ሁሉ ወደዚያ መምራት ይቻላል።

ሐዘን ሲያጋጥም አንድ አስተዳዳሪ በቡድኑ ስም አንድ የማጽናኛ መልእክት ይጽፋል፤ ሌሎች በሪአክሽን ይሳተፋሉ ወይም ለሐዘንተኛው በግል ይጽፋሉ። የዕርዳታ ጥሪ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥር የያዘ መልእክት ከመለጠፉ በፊት ሁለት አስተዳዳሪዎች ባለቤቱን ደውለው ማረጋገጥ አለባቸው። «ለአሥር ሰው ካላስተላለፉ» የሚሉ መልእክቶች ያለ ማስጠንቀቂያ ይነሣሉ።

አስጎብኚዎችና ካሜራ ሻጮች ማስታወቂያ ማውጣት ይችላሉ?

አስጎብኚዎች የብዙ ቡድኖች ዋነኛ የዕውቀት ምንጮች ስለሆኑ ጨርሶ መከልከል ውለታ ቢስነት ይመስለኛል። በወር አንድ ጊዜ፣ ወይም በሳምንት አንድ በተወሰነ ቀን፣ ራሳቸውን እንዲያስተዋውቁ ይፈቀድ። ያገለገለ የርቀት መነጽር ወይም ሌንስ የሚሸጥ አባልም በዚያው ቀን ዋጋውን ጽፎ ይለጥፍ፤ «በውስጥ መስመር አናግሩኝ» የሚል ዋጋ የሌለው ማስታወቂያ አይፈቀድ። ቡድኑ ለግብይቱ ኃላፊነት እንደማይወስድ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይበቃል።

ፖለቲካና ሃይማኖትስ?

በወፍ ቡድን ውስጥ ሁለቱም ከርዕስ ውጭ ናቸው፤ ይህን ማለት አባላቱ አቋም አይኑራቸው ማለት አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ከዳር ነው፤ አንድ ረግረግ ደርቆ ለግንባታ ሲውል የሚነሣው ቁጣ የወፍ ጉዳይም የአስተዳደር ጉዳይም ነው። እንዲህ ያለውን ውይይት መዝጋት ቡድኑን ከሚወደው ነገር ይነጥለዋል። ስለ ቦታውና ስለ ወፎቹ መናገር ይፈቀድ፤ ነዋሪዎቹን በብሔራቸው ወይም በሃይማኖታቸው መውቀስ ግን በአንድ ቃልም ቢሆን አይታለፍ። ይህ ከቡድኑ ደንብም በላይ ነው፤ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ትንሽ ቡድን ውስጥ የተጻፈውንም ይመለከታል።

የሌላ ሰው ፎቶ፣ የሰዎች ምስልና በኮምፒውተር የተፈጠረ ምስል እንዴት ይታያል?

የሌላ ሰው ፎቶ ሲለጠፍ የአንሺው ስም ይጠቀስ፣ ፈቃዱም ይጠየቅ፤ ከኢንተርኔት «ያገኘሁት ነው» ማለት ፈቃድ አይደለም። በመስክ ጉዞ ላይ የተነሡ የሕፃናትና የአካባቢው ነዋሪዎች ምስል ያለ ፈቃዳቸው ባይወጣ ይመረጣል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ወይም በዚያ የተለወጠ የወፍ ምስል ከምልከታ መረጃ ጋር ከተቀላቀለ መዝገቡ ሁሉ ይጠረጠራል፤ ስለዚህ ፈጽሞ አይፈቀድ። ብርሃን ማስተካከልና ጠርዝ መቁረጥ እንደ ለውጥ አይቆጠርም፤ ያልነበረ ቅርንጫፍ መጨመር ወይም የታሰረ እግርን ገመድ ማጥፋት ይቆጠራል።

ደንቡን የጣሰው በዕድሜ ታላቅ ወይም የቡድኑ መሥራች ቢሆንስ?

አስተዳዳሪዎችን እንቅልፍ የሚነሣው ይህ ነው። መጀመሪያ በአደባባይ አይነገር፤ በግል ይጻፍ። አጻጻፉም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። ትናንት የላኳቸው ፎቶዎች ግሩም ናቸው። ጎጆው የሚታይባትን አንዷን በደንባችን ቁጥር 2 ምክንያት ለጊዜው አንሥቻታለሁ፤ ጫጩቶቹ ሲበሩ መልሰው ቢልኩልን ደስ ይለናል።» በዚህ መልእክት ውስጥ አክብሮቱ አልጎደለም፣ ደንቡም አልታጠፈም። መልእክቱን ያነሣው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ደንብ እንደሆነና ምን ቢደረግ እንደሚመለስ ተገልጿል።

ሁለተኛ ጥሰት ሲኖር ለአንድ ሳምንት የመለጠፍ መብት ይገደባል፤ ሦስተኛ ሲኖር ሁለት አስተዳዳሪዎች ተስማምተው ያሰናብታሉ። ወፍ ለሽያጭ ያቀረበ፣ ሰውን በብሔሩ የሰደበ ወይም ሐሰተኛ የዕርዳታ ጥሪ ያሰራጨ ሰው ግን ይህን ደረጃ መጠበቅ አያስፈልገውም። መልእክት ከመሰረዙ በፊት ስክሪንሾት ይያዝ፤ የቴሌግራም የአስተዳዳሪዎች የድርጊት መዝገብ የ48 ሰዓቱን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ቅሬታ ቢመጣ ማስረጃ አይገኝም። ቅሬታውን የሚያየውም ውሳኔውን ያልሰጠው አስተዳዳሪ መሆን አለበት። ለዚህም ሲባል አስተዳዳሪዎች ከሦስት ባያንሱ ጥሩ ነው፤ ከእነርሱም ቢያንስ አንዱ በሌላ የሰዓት ክልል የሚኖር ቢሆን፣ አዲስ አበባ ተኝታ ሳለ የሚነሣ ጭቅጭቅ እስኪነጋ ሳይታይ አይቆይም።

ውይይቱ ሲጋጋል ቡድኑን መዝጋት ይሻላል?

ከመዝጋት በፊት ማዘግየት ይሞከር። «ስሎው ሞድ» የሚባለው ቅንብር አንድ አባል ሁለተኛ መልእክት ለመላክ ከጥቂት ሰከንዶች እስከ አንድ ሰዓት እንዲጠብቅ ያደርጋል። አምስት ደቂቃ ላይ ሲደረግ ሰው የጻፈውን ደግሞ ያነበዋል፣ አንዳንዱም ይተወዋል።

ደንቡ መቼ ይሻሻላል?

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ አልፎ ስደተኛ ወፎች መግባት ሲጀምሩና ቡድኑ ሲነቃቃ፣ በመስከረም ቢታይ አመቺ ነው። በዓመቱ አንድም ጊዜ ያልተጠቀሰ አንቀጽ ይሰረዝ፤ ሦስት ጊዜ ያከራከረ አንቀጽ እንደገና ይጻፍ። የተለወጠው መስመር ከነቀኑ በአዲስ መልእክት ለአባላት ይገለጽ እንጂ የቆየውን ጽሑፍ በዝምታ ኤዲት ማድረግ አይገባም። በክልከላ ዝርዝሩ ላይ ያሉት ዝርያዎች ስም ግን መስከረምን ሳይጠብቅ፣ አዲስ ጎጆ በተገኘ ወይም አዲስ ሥጋት በታየ ቁጥር ይታደሳል።